ከሆቴል ግቢ የተለቀመው እንጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1938 በካሊፎርኒያዋ የባሕር ዳር ከተማ ሞንተሬይ፣ ዴል ሞንቴ ከሚባል ትልቅ ሆቴል ግቢ አንድ እንጉዳይ ተለቀመ። የለቀመው ሰው አልበላውም፤ እንኳንም አልበላው። እንጉዳዩ ደረቀ፣ ወረቀት ውስጥ ገባ፣ የትና መቼ እንደተገኘ ተጻፈበት፣ ከዚያም እንደ እሱ የደረቁ እንጉዳዮች ከሚቀመጡበት መደርደሪያ ገብቶ ተረሳ። ሰባ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ተመራማሪዎች ያንን ወረቀት እንደገና ከፈቱት። በእሱና በመሰሎቹ ምክንያት አንድ ረጅም ክርክር መልስ አገኘ፤ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ሰው የሚገድለው እንጉዳይ የአገሩ ተወላጅ ነው ወይስ መጤ?

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። 1938 ማለት በእኛ 1930 ወይም 1931 ነው።)

ሳይንሳዊ ስሙ አማኒታ ፋሎይደስ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚጠሩበት ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሞት ቆብ» ይሆናል፤ እኛም እዚህ እንደዚያው እንጥራው። ሲያዩት የሚያስፈራ ነገር የለውም። ቆቡ ወደ ወይራ አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ ያደላል፤ ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስስ ንጣፎች ነጭ ናቸው፤ እግሩ ላይ ቀሚስ የመሰለ ቀለበት አለው፤ ከአፈር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ደግሞ እንደተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት ያለ ነጭ ከረጢት አቅፎት ይቀመጣል። በልተውት የተረፉ ሰዎች ጣዕሙ ጥሩ እንደነበር መናገራቸው የተለመደ ነው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። መርዙ አማቶክሲን ይባላል፤ ቢቀቀል፣ ቢጠበስ፣ ቢደርቅ አይጠፋም። የሰውነታችን ሕዋሳት የዘረ-መልን መልእክት የሚገለብጡበትን አርኤንኤ ፖሊመሬዝ 2 የተባለ ኢንዛይም ሄዶ ይይዘዋል። መገልበጥ ከቆመ አዲስ ፕሮቲን አይሠራም፤ ፕሮቲን ካልተሠራ ሕዋሱ ይሞታል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ጉበት ነው። ተንኮሉ ደግሞ ጊዜው ላይ ነው። ሰውየው ከበላ በኋላ ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሰዓት ምንም አይሰማውም። ከዚያ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ቀጥሎ ተሻለኝ ይላል፤ «ምግብ ነው የተጣላኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጉበቱ ግን በዚያው ሰዓት እየሞተ ነው። አንድ መካከለኛ እንጉዳይ አንድ አዋቂ ሰው ለመግደል ይበቃል። በ2016 መጨረሻ ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ በታኅሣሥ ወር ብቻ 14 ሰዎች ተመረዙ፤ ሦስቱ የጉበት ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው። አንድ ሕፃን ቋሚ የአንጎል ጉዳት ደረሰበት።

ታዲያ መጤ ሆነ ተወላጅ ምን ለውጥ ያመጣል? መርዝ መርዝ ነው፣ ትሉ ይሆናል። ለውጥማ አለው። ተወላጅ ከሆነ ያለበት ቦታ ይታወቃል፤ የአካባቢው ሰውም ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ያውቀዋል፣ ልጁን ያስጠነቅቃል። እኛ አገር «የጅብ ጥላ» የሚለው ስም ራሱ ማስጠንቀቂያ አይደል? መጤ ከሆነ ግን ትናንት ባልነበረበት ጫካ ነገ ሊገኝ ይችላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአንድ ዛፍ ሥር እንጉዳይ ሲለቅም የኖረ ሰው በሃያ አንደኛው ዓመት ያልጠበቀው ነገር ቅርጫቱ ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ ወደ ካሊፎርኒያ የሚፈልሱ የእስያ ሰዎች በአገራቸው ሩዝ ገለባ ላይ የሚለማ፣ እሱም ከሥሩ ከረጢት ያለው ጣፋጭ እንጉዳይ ያውቃሉ፤ ገና ለጋ ሳለ ከሞት ቆብ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ስለዚህ «ከየት መጣህ፣ መቼ መጣህ፣ ወዴት እየሄድክ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሕይወት የሚያድን ጥያቄ ነው።

የደረቀ እንጉዳይ ምን ይናገራል?

የአንድን ዛፍ ዕድሜ ለማወቅ ቀለበቱን መቁጠር ይቻላል። የእንስሳ ታሪክ በአጥንቱ ይነበባል። እንጉዳይ ግን ዝናብ ሲጥል ብቅ ይላል፣ በሳምንት ውስጥ ይበሰብሳል፣ ምልክት አይተውም። እኛ የምናየው ደግሞ ፍሬውን ብቻ ነው። ዋናው ፈንገስ አፈር ውስጥ እንደ ጥጥ ክር ተዘርግቶ የሚኖረው ነው። የሞት ቆብ ክሮች የዛፍ ሥር ጫፍን እንደ ካልሲ ይሸፍናሉ፤ ፈንገሱ ለዛፉ ውኃና ማዕድን ያቀብላል፣ ዛፉ ደግሞ ስኳር ይከፍለዋል። ይቺን ውል ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ትመጣለች።

የእንጉዳይ ታሪክ እንግዲህ ያለው ሰው በጻፈውና ሰው ባስቀመጠው ነገር ላይ ብቻ ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም። አንደኛው ስም ነው፤ «በዚህ ዓመት፣ በዚህ ጫካ ይህንን ዝርያ አየሁ» የሚል የመጽሐፍ መስመር። ሁለተኛው ናሙና ነው፤ ራሱ እንጉዳዩ። ስሙ ስህተት ከሆነ ከመቶ ዓመት በኋላ ማረም አትችሉም፤ የተባለው ሰው ምን እንዳየ የሚያውቅ የለምና። ናሙናው ካለ ግን ስሙ ስህተት ቢሆንም ችግር የለም፤ ሄዳችሁ እንደገና ትጠይቁታላችሁ።

ናሙናዎቹ የሚቀመጡበት ቦታ ሄርባሪየም ወይም የዕፅዋት ቤተ መዘክር ይባላል። እኛም አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለን። እንጉዳይ ዕፅ አይደለም፤ እንዲያውም በዝምድና ከዕፅዋት ይልቅ ለእንስሳት ይቀርባል። ሆኖም የድሮዎቹ ሊቃውንት ፈንገስን ከዕፅዋት ጋር ይመድቡት ስለነበር ዛሬም ድረስ የሚኖረው ከቅጠላ ቅጠሉ ጎን ነው። እንደ ቅጠል ግን ተጨፍልቆ ወረቀት ላይ አይለጠፍም። ቀስ ብሎ በሞቀ አየር ይደርቃል፤ ከዚያ እንደ ፖስታ በታጠፈ ወረቀት ወይም በትንሽ ሳጥን ይገባል።

ሲደርቅ ምን እንደሚሆን አስቡት። ያ አረንጓዴ ቆብ ይጨማደዳል፣ ይቡናማል፤ ሽታው ይጠፋል፤ ቀሚሱ ይረግፋል። አንድ መሳቢያ ሙሉ የደረቀ አማኒታ ብታዩ ሁሉም የደረቀ ዝንጅብል ነው የሚመስለው። ስለዚህ ከእንጉዳዩ እኩል ዋጋ ያለው ከጎኑ ያለችው ቁራጭ ወረቀት ናት። የት ተለቀመ? መቼ? ማን ለቀመው? ትኩስ ሳለ ቀለሙ ምን ነበር? ከየትኛው ዛፍ ሥር? ጥሩ ሰብሳቢ ይህን ሁሉ ይጽፋል፤ ሰነፍ ሰብሳቢ «ካሊፎርኒያ» ብሎ ብቻ ይተወዋል። ሌላም የምወደው ልማድ አለ። ከዓመታት በኋላ የመጣ ተመራማሪ «ይህ ስም ስህተት ነው» ብሎ ካመነ የድሮውን ጽሑፍ አይሰርዝም። የራሱን ስም፣ ቀኑንና አዲሱን የእንጉዳይ ስም የያዘች ሌላ ወረቀት ይጨምርበታል። አንዳንድ ፖስታ ውስጥ እንደዚህ እየተጨመሩ ሦስት አራት ወረቀት ይገኛል። የአንድ ሙግት መዝገብ ማለት ነው፤ ተከራካሪዎቹ ተገናኝተው የማያውቁበት ሙግት።

አንድ ስም፣ ብዙ እንጉዳይ

የሞት ቆብ የአውሮፓ ልጅ መሆኑን የተጠራጠረ ሰው የለም። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሴባስትያን ቫያን በ1727 ስለ ፓሪስ አካባቢ ዕፅዋት በታተመው መጽሐፉ ገልጾታል፤ ስዊድናዊው ኤሊያስ ፍሪስ በ1821 ስሙን አጸናው፤ ጀርመናዊው ሊንክ ደግሞ በ1833 አማኒታ ወደተባለው ወገን አዛወረው። ክርክሩ ያለው አሜሪካ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የእንጉዳይ ጥናት አባት የሚባለው ቻርልስ ሆርተን ፔክ ነው። ከ1867 እስከ 1915 የኒውዮርክ ግዛት የዕፅዋት ባለሙያ ሆኖ ሠራ፤ ከ2,700 በላይ ዝርያዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ገልጿል። ይህን ሁሉ የሠራው በአብዛኛው ብቻውን ነው፤ አልባኒ ከተማ ተቀምጦ፣ ከየቦታው በፖስታ የሚላክለትን እንጉዳይ እየመረመረ። ታዲያ ፔክ የሞት ቆብ በኒውዮርክ አለ ብሎ ጻፈ። አይፈረድበትም። በእጁ ያለው የአውሮፓ መጽሐፍ ነው፤ ከፊቱ ያለው ደግሞ ቀለበት ያለው፣ እግሩ ሥር ያበጠ፣ ነጭ ንጣፍ ያለው አማኒታ ነው። ስሙን ሰጠው። ሌሎችም ከእሱ ተቀበሉ። ቀስ በቀስ ያ አንድ ስም ነጩንም ቡናማውንም የሚሸከም ጆንያ ሆነ።

ጆንያውን መፍታት የጀመረው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ፍራንሲስ አትኪንሰን ነው። በ1906 ከነጮቹ አንዱን ለይቶ የራሱን ስም ሰጠው። በ1918 ደግሞ ወደ ቡናማው ዞረ። አሜሪካኖች የሞት ቆብ ብለው የሚጠሩት ያ የምሥራቁ እንጉዳይ ሲነካ ሥጋው ይቡናማል፤ እግሩ ሥር ያለው እብጠት ይሰነጠቃል፤ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለው ከረጢትም የለውም። ስለዚህ ሌላ ዝርያ ነው፤ አማኒታ ብሩኔሰንስ አለው፣ የሚቡናማው ማለት ነው። በዚያው ዓመት አትኪንሰን እንጉዳይ ለመሰብሰብ ወደ ምዕራብ ዳርቻ ሄደ። ኅዳር ላይ ታኮማ ከተማ ውስጥ በዚያ ዘመን ዓለምን ባመሰው ኢንፍሉዌንዛ ታሞ ሞተ፤ የእኛ ሰዎች የኅዳር በሽታ የሚሉት ወረርሽኝ መሆኑ ነው።

የአትኪንሰን ሥራ ስለ ምሥራቁ አሜሪካ ትልቅ ጥርጣሬ አስቀመጠ። ፔክና ተከታዮቹ «አለ» ያሉት እንጉዳይ ሌላ ከነበረ፣ እውነተኛው የሞት ቆብ መቼ ነው የመጣው? በ1970ዎቹ እውነተኛው እንጉዳይ በሁለቱም ዳርቻ መኖሩ ግልጽ ሆኖ ነበር። ግን የድሮዎቹ ጽሑፎች «ከጥንትም ነበረ» ይላሉ። አንዱ ደራሲ ተወላጅ ነው ይላል፣ ሌላው መጤ። ሁለቱም የሚጠቅሱት ያንኑ የስም ዝርዝር ነው።

መሳቢያው ሲከፈት

በ2006 አን ፕሪንግልና ኤልዝ ፌሊንጋ የተባሉ ሁለት የፈንገስ ተመራማሪዎች የታተሙትን የድሮ ጽሑፎች ሁሉ ሰብስበው ፈተሹ። የምሥራቁ ዳርቻ እንጉዳይ መጤ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። የምዕራቡ ግን ከጽሑፍ ብቻ አልፈታ አላቸው፤ መዝገቡ በጣም ጥቂት ነው። እንግዲህ የቀረው ናሙናዎቹን መጠየቅ ነበር።

በ2009 ፕሪንግልና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ይህንን ነው ያደረገው። «የሞት ቆብ» የሚል ስም የተጻፈባቸውን የቆዩ የካሊፎርኒያ ናሙናዎች ፈልገው ከደረቀው ሥጋ ቅንጣት ወሰዱ። የደረቀ እንጉዳይ ዲኤንኤ እንደ ተቀደደ ጋዜጣ ነው፤ ሙሉ ገጽ አይገኝም። ግን አይቲኤስ የሚባል አጭር የዘረ-መል ክፍል አለ፤ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላለው ከተቀደደውም መሐል ይገኛል፤ ዝርያን ከዝርያ ለመለየት ደግሞ ይበቃል። ከሰውነት አካል ሁሉ የጣት አሻራ እንደመፈለግ ነው።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ከ1963 በፊት የተሰበሰቡና የሞት ቆብ ተብለው የተቀመጡ የቆዩ ናሙናዎች ሌሎች የአማኒታ ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። ለክርክሩ እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ የኖረው ስም ባዶ ወጣ ማለት ነው። ከማጣሪያው ያለፉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ናሙናዎች ብቻ ናቸው። አንዱ በ1945 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ግቢ የተለቀመ ነው። ከእሱ የሚቀድመው ያ የ1938ቱ፣ የዴል ሞንቴ ሆቴል እንጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ የሁለቱን ቦታ ስም እንደገና አንብቡት። የሆቴል ግቢና የዩኒቨርሲቲ ግቢ። አንድም የጥንት ጫካ የለም።

ዴል ሞንቴ በ1880 የባቡር ኩባንያ ሰዎች የከፈቱት ነው፤ ሀብታሞች ከሳን ፍራንሲስኮ በባቡር እየመጡ የሚዝናኑበት። ሁለት ጊዜ፣ በ1887 እና በ1924 ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር ኃይል ተረከበው፤ ዛሬም የባሕር ኃይል መኮንኖች የሚማሩበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ነው። በዘመኑ ዝናው ግን የአትክልት ቦታው ነበር። ከየአገሩ የመጡ ዛፎችና አበቦች የተተከሉበት ሰፊ መናፈሻ ነበረው። የበርክሌይም ግቢ እንደዚሁ በባዕድ ዛፎች የተሞላ ነው። ለዛፍ ሥር ካልሲ የሚያለብሰውን ፈንገስ አስታወሳችሁ? ዛፍ ከነሥሩና ከነአፈሩ በመርከብ ሲጫን ያ ካልሲ አብሮ ይጫናል። ፈቃድ የሚጠይቀው፣ ትኬት የሚቆርጥለት የለም። አትክልተኛው የሚያየው ዛፉን ብቻ ነው።

ጥናቱ በዚህ አላበቃም፤ አንድ ተጠራጣሪ «በጥንቱ ጫካ ነበረ፣ ግን ሰው አልለቀመውም ነበር» ሊል ይችላልና። ስለዚህ ዛሬ በሕይወት ያሉትን የአውሮፓና የአሜሪካ እንጉዳዮች በስድስት የዘረ-መል ቦታዎች አወዳደሩ። ከአሜሪካ የወሰዱት ናሙና ከአውሮፓው እጥፍ ነበር፤ ሆኖም የበለጠ ልዩነት የተገኘው አውሮፓ ውስጥ ነው። ይህ የመጤ ምልክት ነው። ጥቂት ሆነው የመጡ ፈላሾች የአገራቸውን ዘር ሁሉ ይዘው አይመጡም። የአሜሪካ ብቻ የሆነ ልዩ ምልክት አልተገኘም። አውሮፓ ውስጥ ግን የስካንዲኔቪያው፣ የፈረንሳዩ፣ የኮርሲካ ደሴቱ የየራሱ አለው። በጣም የሚገርመው ደግሞ እነዚያ አውሮፓ ውስጥ በየቦታው ተለያይተው የሚገኙ ምልክቶች ካሊፎርኒያ ሲደርሱ በአንድ ቦታ አብረው መገኘታቸው ነው። አንድ ሰፈር ገብታችሁ የጎጃምን፣ የወሎን፣ የሸዋን አነጋገር በአንድ ጊዜ ብትሰሙ ሰፈሩ ከየቦታው በመጡ ሰዎች የተመሠረተ ነው ትላላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው።

የሰው ዓይን እንዴት እንደሚታለል እኛም እናውቃለን። ገጠር የተወለደ ልጅ ባሕር ዛፍን ተራራው አብሮት የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ደግነቱ ባሕር ዛፍ ስሙ ላይ መጤነቱን ተሸክሟል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መምጣቱም ይታወቃል። ለእንጉዳይ እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣለት የለም። ዛሬ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያሉ ጫካዎች ውስጥ ብትገቡ የሞት ቆብ በብዛት ይበቅላል፤ ያውም ካሊፎርኒያ ተወላጅ በሆነው የባሕር ዳር ኦክ ሥር። ማለትም መናፈሻውን ትቶ፣ አብሮት የመጣውን ዛፍ ትቶ፣ ካገሩ ዛፍ ጋር አዲስ ውል ተዋውሏል። ከደቡብ ሎስ አንጀለስ እስከ ሰሜን የካናዳዋ ቫንኩቨር ደሴት ድረስ ይገኛል። አንድ የማያውቅ ሰው ቢያየው ከኦክ ዛፉ ጋር አብሮ የኖረ ነው ቢል አይፈረድበትም። ያ የ1938 ወረቀት ባይኖር ክርክሩ ዛሬም ይቀጥል ነበር።

ጉዞው አሜሪካ ላይም አልቆመም። ወደ አውስትራሊያ ከአውሮፓ ኦክ ዛፎች ጋር ደርሷል፤ በ2012 መጀመሪያ ካንቤራ ውስጥ በአዲስ ዓመት ዋዜማ እራት የበሉት ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ወደ እኛ አህጉርም መጥቷል፤ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ከውጭ በመጡ የፓይን ዛፎች ሥር መገኘቱ ተመዝግቧል።

ሆኖም ናሙና ሁሉን ይናገራል ብዬ እንዳላታልላችሁ። ሰብሳቢ የሚሄደው መንገድ ባለበት፣ ዩኒቨርሲቲ በቀረበበት፣ ቅዳሜና እሑድ በሚመቸው ቦታ ነው። ሰው ያልረገጠው ጫካ መዝገብ የለውም። ስለዚህ «በ1938 ተገኘ» ማለት «በ1938 መጣ» ማለት አይደለም፤ ቢዘገይ በዚያ ዓመት ደርሶ ነበር ማለት ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ከሁለቱ የቆዩ ቦታዎች ተነሥተው፣ ዛሬ ያለበትን ዳርቻ ለክተው፣ በዓመት ምን ያህል እንደሚስፋፋ ግምት ማውጣት ችለዋል። ያም ቢሆን የስሌቱ መነሻ እነዚያ ሁለት ፖስታዎች ናቸው። አንዱ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ስሌቱ ሌላ ይሆን ነበር።

የሚገርመኝ ሌላ ነገር ሰብሳቢዎቹ ያላሰቡት ጥቅም ነው። የ1938ቱ ሰው ዲኤንኤ ስለሚባል ምርመራ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የዲኤንኤ ቅርጽ ራሱ የታወቀው በ1953 ነው። በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ1993 ወዲህ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከ1978 ወዲህ አውሮፓ ውስጥ ከተሰበሰቡ 86 የሞት ቆቦች ሙሉውን የዘር ጽሑፍ አነበበ። በካሊፎርኒያ አንዳንዶቹ ያለ ተጓዳኝ፣ ለብቻቸው ፍሬና ስፖር ማፍራት እንደሚችሉ ተገኘ። ለመጤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አዲስ አገር ላይ ብቻውን ያረፈ ፈንገስ ተጓዳኝ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። አንድ ግለሰብ ፈንገስ አፈር ውስጥ ቢያንስ 17 ዓመት፣ ምናልባትም እስከ 30 ዓመት እንደሚኖርም አሳይቷል፤ ይህ የታወቀው በተለያዩ ዓመታት ከአንድ ቦታ የተለቀሙ ናሙናዎች ስለነበሩ ብቻ ነው።

ዛሬ የብዙ ሄርባሪየም መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ገብቷል። ማንም ልጅ ስልኩን ከፍቶ የሞት ቆብ የት የት እንደተገኘ ነጥቦቹን ካርታ ላይ ማየት ይችላል። ደስ ይላል፤ ግን ተጠንቀቁ። ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። ማንም ደግሞ ያልመረመረው ፖስታ ውስጥ ያለው ስህተት ካርታው ላይ እንደ ሌላው እኩል ነጥብ ሆኖ ይበራል። ነጥቡ እውነት መሆኑን የሚያጣራው ወደ መሳቢያው የሚመለሰው ሰው ነው። መሳቢያው ካለ ማለቴ ነው። በ2024 በአሜሪካ የሚገኘው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ከ800,000 በላይ ናሙና ያለውን ሄርባሪየሙን እንደሚዘጋ፣ ናሙናዎቹም ወደ ሌሎች ተቋማት እንደሚሄዱ አስታወቀ። እንዲህ ያለ ስብስብ ቦታ ይይዛል፣ ተንከባካቢ ይፈልጋል፣ ትርፍ አያመጣም፤ የበጀት ሰዎች ፊት ቆሞ መከራከር ደግሞ አይችልም። በእኔ እምነት ትልቅ ስህተት ነው፤ ናሙና ቢዛወር እንኳ ከጎኑ ሆኖ የሚያውቀው ሰው አብሮ አይዛወርም።

የመዝገብ ጥቅም እንዴት ያለ እንደሆነ በደንብ የሚታየው ካናዳ ውስጥ ነው። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት የሞት ቆብ በ1997 ተገኘ፤ ናሙናው ላይ ዛፉ ተጽፏል፤ ከአውሮፓ የመጣ ቼስትነት ነው። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ቫንኩቨር ከተማ ውስጥ በየመንገዱ ዳር በተተከሉ የአውሮፓ ሆርንቢም ዛፎች ሥር መታየት ጀመረ። ዛፎቹ ከተተከሉ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ፈንገሱ ያን ሁሉ ጊዜ አፈር ውስጥ ዝም ብሎ ቆይቷል ማለት ነው። እያንዳንዱ ናሙና ላይ የዛፉ ስም ስለተጻፈ ባለሙያዎቹ የትኛውን መንገድና የትኛውን ግቢ መፈተሽ እንዳለባቸው አወቁ፤ የከተማው ሰው ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳይለቅም የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍም በተለያዩ ቋንቋዎች ወጣ። በ2016 ቪክቶሪያ ከተማ ውስጥ አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን ከመንገድ ዳር በተለቀመ የሞት ቆብ ሞተ። በዚያው ሰሞን እንጉዳዩ በደሴቲቱ ተወላጅ ኦክ ዛፍ ሥር መታየቱም ተመዘገበ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያቺ ሽግግር መቼ እንደተደረገች የሚናገር ወረቀት የለም። እዚህ ግን አሁን አለ፤ ቀኑ፣ ቦታውና የዛፉ ስም ተጽፎበት ተቀምጧል።